ናሙናው ከታሪኩ ጋር ይምጣ፦ የእብድ ውሻ በሽታን በዘረመል የመከታተል ፕሮፖዛል፣ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቁ ደርሷችኋል። ሀሳቡ አጭር ነው፣ በበሽታው ከሞቱ ውሾች ናሙና ወስደን የቫይረሱን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃውን፣ እናነባለን፣ በሽታው ከየት ወዴት እንደሄደ እናያለን። አብዛኛው በጀት ሲኩዌንሲንግ (ጂኖም ማንበቢያ) ማሽንና ኬሚካል ላይ ነው ያለው። አስተያየታችሁን እዚሁ ጻፉ፣ የተስማማንበትን እኔ አስገባዋለሁ።

የላብራቶሪ አባል፦
ማሽኑን እደግፋለሁ፣ ግን «ማን ማንን እንደነከሰ ከጂኖሙ እናውቃለን» የሚለው አረፍተ ነገር ይውጣ። የሬቢስ (የእብድ ውሻ በሽታ) ቫይረስ ጂኖም 12,000 ገደማ የዘረመል ፊደል ነው ያለው፣ አምስት ጂን፣ እና በዓመት ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚቀየረው። አንድ ውሻ ተነክሶ እስኪታመም ደግሞ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ በዛ መሀል አንድም ፊደል ላይቀየር ይችላል። ስለዚህ ሁለት ውሾች ላይ አንድ አይነት ጂኖም ብናገኝ አንዱ ሌላውን ነክሶት ይሆናል፣ ወይ ሁለቱንም ሦስተኛ ውሻ ነክሷቸው ይሆናል፣ ጂኖሙ ብቻውን ይሄን አይለይም። በደንብ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ቫይረስ እዚሁ ሲዘዋወር የከረመ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የገባ? ፕሮፖዛላችን በዚህ ጥያቄ ላይ ይቁም። ደግሞ እባካችሁ ሙሉ ጂኖም ይሁን፣ ከአምስቱ ጂኖች የአንዱን፣ የኤን ጂንን፣ ቁራጭ ብቻ ካነበብን የአንድ አካባቢ ቫይረሶች ሁሉም አንድ መስለው ነው የሚታዩን።

የመስክ የእንስሳት ሐኪም፦
ትክክል ነሽ እህቴ፣ እኔ ከዛ በፊት ያለውን ላንሳ። ናሙናው ከየት ይመጣል? ረቂቁ ላይ ግማሽ መስመር ናት ያገኘችው። የተጠረጠረው ውሻ ይሞታል ወይ ይገደላል፣ ማንም ሳያሳውቅ ይቀበራል፣ አለቀ። ማሽኑ ቢገዛ የምንሰጠው ነገር ከሌለን ምን ይሰራል? ስልጠና ላይ ገንዘብ ይመደብ። የራስ ቅል በመጋዝ መክፈት አያስፈልግም እኮ፣ ማጅራቱ ጋ ቆርጠህ አከርካሪው ከራስ ቅሉ የሚገናኝበትን ቀዳዳ ካገኘህ የፕላስቲክ ስትሮ እያሽከረከርክ ወደ አንዱ ዓይን አቅጣጫ ትገፋለህ፣ ስታወጣው የአንጎል ግንዱንና ትንሹን አንጎል ይዞ ይመጣል። ናሙናው ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ለምርመራ፣ ግማሹ አርኤንኤውን (የቫይረሱ ጂኖም የተሰራበትን ቁስ) የሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ኬሚካል፣ ፎርማሊን፣ ውስጥ እንዳይገባ በደማቅ ይጻፍልኝ፣ ፎርማሊን የነካው ናሙና ለሲኩዌንሲንግ በጣም ያስቸግራል። እና ይሄኛው ላይ አልደራደርም፦ የቅድመ መከላከያ ክትባት ያልወሰደ ሰው ናሙና አይነካም፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነፅርም ግዴታ።

የክትባት ዘመቻ አባል፦
በግልጽ ልናገር፣ ሁሉም ገንዘብ ለምን ክትባት ላይ አይውልም? ከውሾቹ 70 በመቶውን በየዓመቱ ከከተብን በሽታው እንደሚቆም ከታወቀ ቆይቷል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በውሻ ንክሻ፣ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። አንድ ጂኖም በሚነበብበት ገንዘብ ስንት ውሻ ይከተባል?

የዳታ አባል፦
ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ፕሮፖዛሉም ራሱ ሊመልሰው ይገባል። የፔምባን ደሴት እይ፣ ታንዛኒያ። በ2014 በክትባት በሽታውን አጥፍተው ነበር፣ በ2016 ተመለሰ። ሰው ቶሎ የሚያስበው «ክትባቱ አልሰራም» ብሎ ነው፣ ጂኖሙና የንክሻ ታሪኩ ተያይዘው ሲታዩ ግን ከውጭ እንደገባ ነው የታየው፣ ስለዚህ ክትባቱን መልሰው አጠናከሩ፣ በሽታውም እንደገና ቆመ። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ላይ በተሰራው ጥናትም ቫይረሱ ሩቅ የሚሄደው መንገድ ተከትሎ ሰው ውሻ ይዞ ሲንቀሳቀስ እንደሆነ ነው የታየው። ውሻ በእግሩ ያን ያህል አይርቅም። ስለዚህ ጂኖሙ ክትባቱ የት ይሂድ ለሚለው ነው የሚጠቅመን፣ ክትባቱን አይተካም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፣ «ከውጭ ገባ» ለማለት የውጩ ጂኖም ያስፈልገናል። ከጎረቤት አካባቢዎች ናሙና ከሌለን የራሳችንን ብቻ እያየን የምንሰጠው መልስ መላምት ነው የሚሆነው። የጎረቤቶች ስምምነት ከማሽኑ ግዢ በፊት ይፈረም።

የማህበረሰብ ጤና አባል፦
በዚሁ ላይ፦ እያንዳንዱ ናሙና ከታሪኩ ጋር ካልመጣ አትቀበሉት። ቀን፣ ቦታ፣ ባለቤት ያለው ነው የሌለው፣ ተከትቦ ነበር ወይ፣ ማንን ነከሰ፣ ከየት መጣ። ይሄን ታሪክ የሚያውቁት የተነከሱት ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፣ ስለዚህ ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ሲሄድ ደግሞ ያልታከመ የተነከሰ ሰው ያገኛል፣ ይሄ የማይቀር ነው፣ ዝም ብሎ ፎርም ሞልቶ ሊመጣ አይችልም። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና ውሃ አሳጥቦ ወደ ክትባት ይላክ፣ የላብራቶሪ ውጤት ይጠበቅ የሚል ቃል የትም ቦታ እንዳይገባ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምከርረው።

የክትባት ዘመቻ አባል፦
እሺ፣ አሳመናችሁኝ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ከአሁኑ ይጻፍ። ከውጭ የገባ ከሆነ የመግቢያው መንገድ ዙሪያ ያሉት ውሾች ቶሎ ይከተቡ፣ የውሻ ዝውውሩም ይታይ። እዚሁ የከረመ ከሆነ ደግሞ ክትባት ያልደረሰበት ኪስ አለ ማለት ነው፣ ዘመቻው እዛ ይሂድ። ውጤቱም ሳይዘገይ ይድረሰን፣ ዓመት ቆይቶ በጆርናል የሚወጣ የቫይረሶች የዝምድና ዛፍ ለዘመቻ አይሆንም።

የላብራቶሪ አባል፦
ይሄ እኮ ናኖፖር የምትባለውን ትንሿን ሲኩዌንሲንግ ማሽን ያስመርጣል፣ በእጅ የምትያዝ ናት፣ ውጭ አገር መላክ ሳያስፈልግ እዚሁ ይነበባል። በአንድ ዙር ብዙ ናሙና አብሮ ስለሚሄድ የአንዱ ወጪም ይቀንሳል።

አስተባባሪ፦
ጥሩ፣ እንዲህ ነው የማስገባው። ዋናው ጥያቄ «የከረመ ነው ወይስ የገባ» ይሆናል። ከማሽኑ በጀት ቀንሰን ለናሙና ሰብሳቢዎች ስልጠናና ክትባት፣ ለቤት ለቤት ክትትልም እናዞራለን። ዶክ፣ የናሙና አወሳሰዱን ክፍል አንተ ጻፈው፣ ከነፎርማሊኑ። የታሪክ ፎርሙን የማህበረሰብ ጤና፣ የጎረቤት ስምምነቱን ዳታ፣ «ውጤቱ ሲመጣ» የሚለውን ገጽ የክትባት ዘመቻው ይያዝ። የቀረን ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ማን ነው የሚያሳውቀን የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ሀሳብ ያለው ይጻፍ፣ ያለዚያ ናሙናችን ባለቤት ወዳላቸው ውሾች ያጋድላል።