ጂአርኢ (የማስተርስና የፒኤችዲ መግቢያ ፈተና) በድጋሚ ለሚወስድ፦ ምን ይግዛ፣ የት ይፈተን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኳንት (ሒሳብ) 154፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ክፍሉ) 147 ነው የመጣልኝ። ለሪቴክ ለገሃር የሚሸጡት የኮፒ መጻሕፍት ይበቃሉ ወይስ ለኦንላይን ኮርስ ልክፈል? አዲስ አበባ ሆኖ ቤት መፈተንስ ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምታመለክትበት ዲፓርትመንት ጂአርኢ አሁንም ይጠይቅ እንደሆነ አረጋግጥ። ብዙዎቹ ትተውታል፤ ለፈተናው ከ200 ዶላር በላይ መክፈል ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሚጠይቅ ከሆነ ከዴድላይኑ ወደ ኋላ ቁጠር። ውጤት ለመውጣት ከ8 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። በሁለት ፈተና መካከል 21 ቀን ማለፍ አለበት፣ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ስኮሩን ሳታይ የሰረዝከውም ከአምስቱ ይቆጠራል። የድሮው ውጤት አያስጨንቅህ፤ የትኛውን እንደምትልክ የምትመርጠው አንተ ነህ።

መልስ፦ የኮፒ መጽሐፍ ስትገዛ ሽፋኑን ተወውና ውስጡን ገልጠህ እይ። አንቶኒም (የተቃራኒ ቃል ጥያቄ) እና አናሎጂ (የቃላት ዝምድና ጥያቄ) ካለበት እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት የነበረው ፈተና ነው፤ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው። ኳንቱ 20 ጥያቄ በ35 ደቂቃ የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 በፊት የታተመ ነው። የዚህኛው ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ፣ ሰዓቱን ብቻ ቀይር፦ ኳንት 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 በ26፤ ቨርባል 12 በ18፣ ቀጥሎ 15 በ23።

ለሞክ (ለልምምድ ፈተና) ከፓወርፕሬፕ የሚበልጥ የለም፤ አዘጋጁ ራሱ የጂአርኢ ባለቤት ኢቲኤስ ነው፣ ሁለት ፈተናዎች በነፃ ይገኛሉ። ከመጀመሪያው ፈተናህ በፊት ሠርተሃቸው ከሆነ ግን ጥያቄዎቹን ስለምታስታውስ ስኮሩ ያታልልሃል። ያኔ ገንዘብህን በሚከፈልበት በፓወርፕሬፕ ፕላስ ላይ አውጣ። ሒሳቡ ከመሠረቱ ለጠፋበት ካን አካዳሚ በነፃ አለ። ወፍራሙ የማንሃተን መጽሐፍ ለኳንት ልምምድ ጥሩ ነው፤ ቨርባሉ ግን የኢቲኤስን ለዛ አልያዘም። ኮርስ ካልገዛሁ ካልክ በወር የሚከፈለውን ግሬግማት እይ፣ ለኪስም አይከብድም።

መልስ፦ በ154 ላይ የቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎርሙላ አይደለም የጎደለው። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት የሁለተኛውን ክብደት ይወስናል፤ እነዚያ 12 ጥያቄዎች ላይ በችኮላ የሚጣል ነጥብ ነው ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርገው። የማወዳደሪያ ጥያቄዎችን ተመልከት። በአንድ በኩል የኤክስ ካሬ፣ በሌላው ኤክስ ተሰጥቷል እንበል። 2ን ብቻ ሞክሮ «ካሬው ይበልጣል» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። ግማሽን አስገባ፦ ካሬው ሩብ ሆነ፣ አነሰ። ስለዚህ መልሱ «ማወቅ አይቻልም» ነው። ሁልጊዜ 0፣ 1፣ ክፍልፋይና ኔጋቲቭ ሳትሞክር አትለፍ። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ማርክ አድርገህ ሂድ፣ ክፍሉ ሳያልቅ ትመለሳለህ። ኔጋቲቭ ማርክ ስለሌለ ባዶ መተው ኪሳራ ነው።

ቨርባል ላይ ደግሞ ሁለትና ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ አንዱን ብትስት ጠቅላላው ዜሮ ነው። የቃላት ካርድ ብቻ መሸምደድ 147ን ብዙ አያነሳውም፤ «ይሁን እንጂ»ን የመሰለ ሐሳብ የሚያዞር ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈልገህ ማንበብ ነው የሚያነሳው።

መልስ፦ ቤት ወይስ የፈተና ማዕከል ላልከው፣ ማዕከል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕህ በባትሪ ይቆያል፣ ዋይፋዩ ነው አብሮ የሚጠፋው። ቤት ካልክ ራውተሩን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚተካ ባትሪ) አስቀጥል። ኤርፎን አይፈቀድም፣ የላፕቶፑ ስፒከር መሥራቱን አረጋግጥ። ተራ ወረቀትም ክልክል ነው፤ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት ከሚጠፋ ማርከር ጋር ነው የሚፈቀደው። እየጻፉ እያጠፉ ኳንት መሥራት ያሰለቻል፤ ማዕከል ግን ወረቀትና እርሳስ ይሰጥሃል።

መልስ፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ስትመዘገብ ስምህን ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው፣ ፊደል በፊደል ጻፍ፤ የአያት ስም ጎድሎ ወይም ስፔሊንጉ ተቀይሮ በር ላይ የሚመለስ አለ። ቀጠሮህ 8፡00 ኤኤም ካለ ደግሞ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎህ ብትሄድ ሌሎቹ ጨርሰው ወጥተዋል።