«ቻርተር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። የአሜሪካ የመንግሥት ሥርዓት ከእንግሊዝና ከቀድሞዎቹ ቅኝ ግዛቶች ስለ ወረሳቸው ሰነዶች የሚያትት ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆን በ1215 በማኅተሙ ያጸደቀውን ማግና ካርታ («ታላቁ ቻርተር»)፣ ንጉሥ ጄምስ በ1606 በአሜሪካ ሰፈራ ለሚመሠርተው የቨርጂኒያ ኩባንያ የሰጠውን ቻርተር፣ እንዲሁም የሜይፍላወር መንገደኞች በ1620 ከመርከባቸው ሳይወርዱ የፈረሙትን ጽሑፍ፣ አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን ሦስቱንም «ቃል ኪዳን» ሲሏቸው አያለሁ። አንድ ቃል ለሦስቱ ይበቃል ትላላችሁ? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብራና

በእኔ አስተያየት አይበቃም። ቃሉን ከመምረጥዎ በፊት በየሰነዱ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደ ነበር ቢጠይቁ መልሱ ራሱ ይመጣል።

«ቻርተር» ከላቲኑ «ካርታ» የተገኘ ቃል ነው። እኛ ዘንድ «ካርታ ወጣለት» ሲባል ሰውየው ይዞታውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሚመለከተው አካል እንደ ተሰጠው ማንም ይረዳል። የ1215ቱ ሰነድም ጠባዩ ይኸው ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚናገረው ንጉሡ ሲሆን፣ ነጻነቶቹን «ሰጥተናል፣ በዚህ ካርታችንም አጽንተናል» ይላል። ያመፁት መኳንንት (ባሮኖቹ) ለንደንን ይዘው በግድ ያስደረጉት ጉዳይ ቢሆንም እንኳ አነጋገሩ የስጦታ አነጋገር ነው። ነገሥታቶቻችን የጉልት ስጦታቸውን በወንጌል መጽሐፍ ላይ ሲያስጽፉ፣ ስጦታውን የሚያፈርስ ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ያስከትሉ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። እንግሊዞችም በ1253 ማግና ካርታን ያጸኑት በግዝት ነው፤ ጳጳሳቱ የበራ ሻማ ይዘው በዌስትሚንስተር አዳራሽ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛው ባለበት ቻርተሩን የሚጥሰውን ካወገዙ በኋላ ሻማውን መሬት ላይ ጥለው አጠፉት።

የ1606ቱ ቻርተር በአመዛኙ የንግድና የመሬት ፈቃድ ነው፤ ሆኖም በውስጡ አንድ ከባድ ዐረፍተ ነገር አለ። ሰፋሪዎቹና እዚያ የሚወለዱ ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር የተወለዱ ያህል ነጻነቱና መብቱ ሁሉ ይኖራቸዋል ይላል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1765 የእንግሊዝ ፓርላማ በቅኝ ግዛቶቹ ላይ የጣለውን የቴምብር ቀረጥ በመቃወም ባወጣው ውሳኔ ላይ የንጉሥ ጄምስን ቻርተሮች ጠቅሶ የተከራከረው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ለሁለቱ «ቻርተር» ብለው ይተዉት፤ ከሽግግሩ ዘመን ጀምሮ አንባቢው የለመደው ቃል ነው። ማብራራት ካስፈለገ «ንጉሡ የሰጠው የመብት ሰነድ» ማለት ይቻላል።

ጠያቂ

አመሰግናለሁ። የሜይፍላወሩስ?

ብራና

እሱ የተለየ ነው፤ ሰጪ የለውም። መርከቢቱ መንገደኞቹ ፈቃድ ካገኙበት የቨርጂኒያ ግዛት በስተ ሰሜን ስለ ደረሰች፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ «ወደ ምድር ስንወርድ የሚያዘን የለም» ማለት ጀመሩ። ይህን ጉርምርምታ ለማብረድ 41 ወንዶች በእግዚአብሔርና በእርስ በርሳቸው ፊት ቃል ኪዳን ገብተው ራሳቸውን በአንድ የፖለቲካ አካል እንዳስተባበሩ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ፈረሙ። የንጉሥ ጄምስ ታማኝ ዜጎች ነን ማለታቸው አልቀረም፤ የሚገዛቸውን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ግን ያገኙት እርስ በርሳቸው በመስማማት ነው። ስለዚህ «ቃል ኪዳን» የሚለው ለዚህኛው ብቻ ቢቀመጥ ይሻላል።

የደጀ ሰላም ተማሪ

ብራና ይፍቀዱልኝና አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። በገድሎቻችን ቃል ኪዳን ከላይ የሚሰጥ ነው፤ ፈጣሪ ለጻድቁ «ስምህን የጠራውን፣ ዝክርህን ያዘከረውን እምርልሃለሁ» ብሎ ይሰጠዋል። አንባቢው በዚህ ጆሮ ከሰማው የእርስዎ ልዩነት ይደበዝዛል። «ውል» አይሻልም?

ብራና

ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ውል» ሲባል አከራይና ተከራይ፣ ገዢና ሻጭ በዓይን ላይ ይመጣሉ። ከሜይፍላወር መንገደኞች መካከል «ፒልግሪሞች» የሚባሉት ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የተመሠረተችው ምእመናኑ በፈጣሪ ፊት እርስ በርስ በገቡት ኪዳን ስለ ነበር፣ የመርከቡንም ጽሑፍ ያረቀቁት በዚያው ልማድ ነው። «የእርስ በርስ ቃል ኪዳን» ቢባል ሁለታችንንም የሚያስማማ ይመስለኛል።

አክሲዮን

ከዚሁ ሳንወጣ አንድ በተደጋጋሚ የማየው የትርጉም ስሕተት ላንሣ። የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እስከ ዛሬ «ጄኔራል ኮርት» ይባላል፤ በአማርኛ ግን «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ተብሎ ይገኛል። የማሳቹሴትስ ቤይ ኩባንያ የ1629 ቻርተር ባለድርሻዎቹ በዓመት አራት ጊዜ እንዲሰበሰቡ ያዝዝ ነበር፤ የስብሰባው ስም ነው «ጄኔራል ኮርት»። ባንኮቻችን ባለአክሲዮኖቻቸውን ሲጠሩ «ጠቅላላ ጉባኤ» የሚሉት ማለት ነው። የኩባንያው ገቨርነር ጆን ዊንትሮፕ በ1630 ቻርተሩን ራሱን ይዞ ባሕር ተሻገረ፤ የኩባንያው ጉባኤም ለንደን መቅረቱ ቀርቶ የቅኝ ግዛቲቱ መንግሥት ሆነ። ከ1634 ጀምሮ ከተሞቹ እንደራሴ ይልኩበት ጀመር። «ገቨርነር»ም ቢሆን በቻርተሩ መጀመሪያ የኩባንያው ኃላፊ መጠሪያ ነው። ይህን ያላወቀ ተርጓሚ የምክር ቤቱን አመጣጥ ያበላሸዋል፤ የትርጉም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጠያቂ

ይህ እጅግ ጠቅሞኛል። የ1787ቱ ሕገ መንግሥትስ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

ብራና

ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ማዲሰን በ1792 በጋዜጣ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለይቶታል። በአውሮፓ የነጻነት ቻርተሮችን የሰጠው ሥልጣን ነው፤ በአሜሪካ ግን የሥልጣን ቻርተሮችን የሰጠው ነጻነት ነው ይላል። ቻርተር የሚለውን ስም ከነገሥታቱ ወስዶ፣ የሰጪነቱን ቦታ ግን ለሕዝቡ ሰጠ ማለት ነው። በእርግጥ ያን ጊዜ «ሕዝብ» ሲባል በባርነት የተያዙትን፣ ሴቶችን፣ የአገሬውን ነባር ነዋሪዎች እንደማይጨምር በግርጌ ማስታወሻ ቢያሳስቡ መልካም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከንጉሥ ቻርተር ወደ ሕዝብ ሕገ መንግሥት የተደረገው ሽግግር በሁሉም ዘንድ እኩል አልሄደም። ኮኔቲከት የ1662 ቻርተሯን እስከ 1818፣ ሮድ አይላንድ ደግሞ ከንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ የተቀበለችውን የ1663 ቻርተር እስከ 1843 ድረስ እንደ መሠረታዊ ሕግ ይዘው ቆይተዋል። በሮድ አይላንድ ድምፅ የመስጠት መብት በመሬት ባለቤትነት ላይ ተመሥርቶ ስለ ቆየ፣ መሬት የሌላቸው ሰዎች በ1842 እስከ ማመፅ ደርሰዋል። ስለዚህ በሚተረጉሙት ጽሑፍ ውስጥ ከዚያ ዘመን በፊት «የሮድ አይላንድ ሕገ መንግሥት» የሚል ነገር ካጋጠመዎት፣ ጸሐፊው የሚናገረው ስለ ንጉሡ ቻርተር መሆኑን አረጋግጠው «ቻርተር» ብለው ይመልሱት።