የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች የዘንድሮ የድጋፍ ዕቅድ ረቂቅ፤ ከቅዳሜ በፊት ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ብርቱካናማዎች! ለክለቡ የምናስገባው ረቂቅ ደርሷል። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ ድሬዳዋ ከተማ ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ስለሆነ፣ ደጋፊውም በዚያው ልክ…»

ሂሳብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ እዚችው ላይ ቁም። አምናም ይቺኑ ጽፈናል፣ ካቻምናም። መጨረሻ ላይ ግን ከሊጉ ላለመውረድ ካልኩሌተር ይዘን «እነሱ ቢሸነፉ፣ እኛ አቻ ብንወጣ» ስንል ነው የከረምነው። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ገና መግቢያው ላይ ይስቃል።

የሳቢያኑ፦ አቦ ተይን! እኔ ሰኞ ጠዋት ልምምድ አይቻለሁ። ከታዳጊ ያደገ አንድ የመሀል ልጅ አለ፤ ኳሷ ሳትደርሰው አንገቱን ሁለቴ ያዞራል። ስትደርሰው የት እንደሚሰጣት ጨርሷል። ወላሂ እንዲህ ያለ ልጅ ከስንት ዘመን ወዲህ አላየሁም። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ የተሳለ ጎረቤት አለኝ፣ እኔም በበኩሌ ዱዓ ይዣለሁ። በሁለት በኩል ተይዘናል!

ሂሳብ ያዥ፦ የአንድ ሰኞ ልምምድ ነው እንግዲህ ዋንጫ የሚያመጣው።

ጋሼ ጥጥ ፋብሪካ፦ ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ይህ ከተማ ዋንጫ ቢመኝ ነውር አይደለም። የኛ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፣ ያውም ደጋግሞ። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የጥጥ ፋብሪካን ማልያ የለበሰ ሰው ነው። በ1968 ደግሞ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ሜዳ ላይ ነበር፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ሞሮኮ ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ጊዜ ሙቀቱን የምንችለው ሎሚ ተቆርጦ እየተቀባበልን ነበር። ታዲያ ምኞቱን ጻፉ፤ ግን «ስለሆነ» አትበሉ፣ «እንዲሆን» በሉ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። «ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን እንዲሆን» ተብሎ ተስተካክሏል። ሂሳብ ያዥ፣ ትስማሚያለሽ?

ሂሳብ ያዥ፦ በጋሼ ፊት ምን እላለሁ። አሁን ወደ ገንዘቡ። ረቂቁ ላይ ትልቁ ወጪ የመክፈቻ ቀን ነው፦ ሞንታርቦ፣ የመኪና ሰልፍ ከከዚራ እስከ ስታዲየም፣ ቲሸርት። እኔ አልፈርምም። ሊጉ እኮ ከ2013 ጀምሮ በከተማ በከተማ እየተዟዟረ ነው። ድሬ ሲመጣ ማን ይቀራል? ሜዳው በራሱ ይሞላል። ቡድኑ አዳማ ወይም ሀዋሳ ሄዶ ሳምንታት ሲቀመጥ ነው ደጋፊ የሚርበው። ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲታይ የኛ ወገን ባዶ ወንበር ነው፣ አንዲት ብርቱካን ማልያ ከሩቅ ብልጭ ትላለች።

የሳቢያኑ፦ እሷ እኔ ነበርኩ።

አስጨፋሪ፦ እውነቷን ነው። አምና አዳማ የሄድን ቀን ታስታውሳላችሁ? አዋሽ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ ስኮርታው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ተኛ። ያገባነውን ጎል በስልክ ሰማን፣ ከበሮ ይዘን አስፋልት ዳር ጨፈርን፤ ግመል ነጂዎቹ ሰርግ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። ስታዲየም ስንገባ የቀረው 20 ደቂቃ፣ ያገባነውም ጎል ተመልሷል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አቻ ለማየት!

ጸሐፊ፦ ስለዚህ የመክፈቻው በጀት ወደ ጉዞ ይዛወር? ባቡርስ? አዳማ ጣቢያ አለው።

ሂሳብ ያዥ፦ ባቡሩ የሚነሳበት ቀን ከጨዋታው ጋር ከገጠመ፣ አዎ። ግን እዚህም እዚያም ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፣ የባጃጅና የታክሲ ሂሳብ ይታሰብ። አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ ጎማና ስኮርታ ሳይታይ ቀብድ አይከፈልም፤ ይህ በውሉ ይጻፍልኝ። ታህሳስ 19 አካባቢ ደግሞ ጉዞ አታስቡ፣ መኪናው ሁሉ ቁልቢ ነው።

የሳቢያኑ፦ የመኪና ሰልፉ ሙሉ በሙሉ ይቅር? እንደው ባጃጅ ብቻ ብናደርግስ? ባለባጃጆቹ የራሳቸውን ነዳጅ ይችላሉ፣ ቃል ገብተውልኛል።

ሂሳብ ያዥ፦ ከማህበሩ ካዝና ሳንቲም ካልወጣ ጨፍሩ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቁ ይኸው፦ ሰልፉ በባጃጅ፣ በፈቃደኞች ወጪ። የመክፈቻው በጀት በሙሉ ከድሬ ውጭ ለሚደረጉ ሁለት ጉዞዎች። ክለቡን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መርሐ ግብሩ እንደወጣ ወዲያው ይንገረን፣ ትራንስፖርት በጊዜ እንድንይዝ። ሌላ የቀረ ነገር አለ?

አስጨፋሪ፦ ትልቁ ከበሮ። ቆዳው በሙቀት ደርቆ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፣ አዲስ ቆዳ ይወጠርለት። ለመሆኑ ማን ጋ ነው ያለው?

ጋሼ ጥጥ ፋብሪካ፦ እኔ ጋ። የልጅ ልጆቼ ድመቷን አስተኝተውበታል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፤ ድመቷን ግን እናንተ አስነሷት።