የናይሮቢ ጉዞ ረቂቅ፦ በየት እንውጣ? የት እንደር?

ማቲዎስ (ጸሐፊ)፦ የሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ማኅበራችን ስለ ናይሮቢ ጉዞ እሁድ የተነጋገረውን ጽፌዋለሁ። አስተያየት ያለው እስከ ሐሙስ ይበል፣ ዓርብ ወደ ኮሚቴ ይገባል። የሚሄደው 11 ሰው ነው። ጊዜው ሐምሌ፣ ሐይቁ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ። አምስት ሌሊት። ዓላማው ናይቫሻ ሐይቅ ወርዶ የእነሱ ጀልባ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ነው። ተራ እንዴት ይይዛሉ፣ ላይፍ ጃኬት ማን ይገዛል፣ ጉማሬ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። የቀረው ቀን ለከተማዋ። ከሀብታሙ በቀር ናይሮቢን ያየ የለም። አወጣጡ ወይ ከሐዋሳ ኤርፖርት በቦሌ በኩል ነው፣ ወይ እስከ ቦሌ በመኪና። ትኬት ካሳ ይጠይቃል፣ ማደሪያ ሀብታሙ። ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ካርድና ሹራብ አይረሳ። ስንቅ፣ ቆሎና ድርቆሽ፣ አስቴር ለየሰዉ በፌስታል ቋጥራ ታዘጋጃለች።

ሌዳሞ፦ 11 የሚለው ከየት መጣ? እሁድ 8 ነው የተባለው። የላንጋኖው ጉዞ ሒሳብ ሳይዘጋ ደግሞ ናይሮቢ።

ብርቱካን (ገንዘብ ያዥ)፦ የላንጋኖው ተዘግቷል። ደረሰኙን ሦስት ጊዜ ልኬልሃለሁ። ክፈተው።

ሌዳሞ፦ ፎቶው አይነበብም።

ካሳ፦ ትኬቱን ለእኔ ተዉት። ነገ ጠዋት ቢሮ ሄጄ የ11 ሰው ዋጋ በጽሑፍ አመጣለሁ።

ሀብታሙ፦ ከሐዋሳ የምንነሳ ከሆነ ትኬቱ አንድ ላይ ይቆረጥ። ከሐዋሳ ናይሮቢ ድረስ አንድ ትኬት። ሻንጣው እዚህ ገብቶ እዚያ ይወጣል። የመጀመሪያው በረራ በዝናብ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጠን በሌላ ያሳፍሩናል። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ቦሌ ላይ ሻንጣ ተቀብሎ፣ ከአገር ውስጡ ተርሚናል ወደ ዓለም አቀፉ ዞሮ እንደገና መሰለፍ ነው። ካመለጠ ደግሞ በራስ ኪስ ነው። ሐምሌ መሆኑን አትርሱ።

ጋሽ ታደሰ፦ በመኪና ይሻላል። 275 ኪሎ ሜትር ነው። ከባቱ ሞጆ ያለው ፈጣን መንገድም ተከፍቷል። በዋዜማው አዲስ አበባ ገብተን እህቴ ቤት ስድስት ሰው ያድራል።

ብርቱካን፦ አምስቱስ ጋሼ?

ጋሽ ታደሰ፦ ሳሎን።

ሌዳሞ፦ ለምን በሞያሌ አንሄድም? ከሞያሌ ናይሮቢ አውቶቡስ አለ። የትኬቱን ግማሽ አይፈጅም።

ሀብታሙ፦ እኔ አምና በዚያ ነው የሄድኩት። አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ድንበሩም በአንድ ግቢ ነው የሚያልቀው። ግን እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሞያሌ ደግሞ ወደ 780 ነው። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ። ወገቤ እስካሁን ይወቅሰኛል። ናይሮቢ ደርሰን ሻይ ጠጥተን መመለስ ከሆነ ይሁን።

ደስታ፦ ዊልሰን የሚባል ኤርፖርት አለ አሉ፣ ከመሀል ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ። ለምን እዚያ አናርፍም? የታክሲ እናተርፋለን።

ሀብታሙ፦ ዊልሰን የትንንሽ አውሮፕላን ነው። ማሳይ ማራ የሚሄዱ ቱሪስቶች የሚነሱበት። ከቦሌ የሚሄደው ጆሞ ኬንያታ ነው የሚያርፈው። እሱም ቢሆን ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን መጨናነቁ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በድልድይ በላይ በላይ የሚሄድ የክፍያ መንገድ አለ። በላዩ ከሄዳችሁ ክፍያው ታሪፉ ላይ ይደመራል፣ ሾፌሩን ሳትሳፈሩ ጠይቁት። በታች ከሆነና የሥራ መውጫ ሰዓት ከገጠማችሁ ደግሞ ትዕግሥት ያዙ።

ደስታ፦ እሺ ዊልሰንን ትቼዋለሁ።

አስቴር፦ ማደሪያውስ? ባለቤቴ ያለ እንጀራ በሁለተኛው ቀን ያኮርፋል።

ሀብታሙ፦ ርካሹ ኢስትሊ የሚባለው ሰፈር ነው። እንጀራ አለ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገር አይጠፋም። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል በ2,500 ሽልንግ አድሬአለሁ። ግን ገበያ መሀል ነው፣ ቀንም ሌሊትም ጩኸት ነው። ሌላው ስቴት ሃውስ መንገድ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው የዋይ ኤም ሲ ኤ (ወወክማ) ማደሪያ ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ መሀል ከተማ በእግር ይደረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ እዚያ ነው የምለው። ኪሊማኒ ሰፈር አፓርታማ ተከራይቶ ራስን ማብሰልም አለ። ዋጋው በሰው ሲካፈል አይከብድም።

ጋሽ ታደሰ፦ ኢስትሊ ጋሪሳ ሎጅ የሚባል አለ። የማውቀው ነጋዴ ድሮ አድሮበታል። እዚያ ይያዝልን።

ሀብታሙ፦ ጋሼ፣ እሱ አሁን ማደሪያ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ዕቃ መሸጥ ጀመሩ። ቀስ እያለ ክፍሉ ሁሉ ሱቅ ሆነ። የኢስትሊ የገበያ ሕንፃዎች መነሻው እሱ ነው። ጫማ ያገኙበታል፣ አልጋ ግን የለም።

ሌዳሞ፦ ይደሩ እንጂ፣ ለሱቁ ዘበኛ ይሆኑታል።

ጋሽ ታደሰ፦ አንተ ልጅ ምላስህን ሰብስብ። አባትህን ቀዘፋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሀብታሙ፦ ዋናውን ረስቼው። ረቂቁ ላይ ፌስታል የሚለው ይውጣ። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ክልክል ነው። መሸጥ ብቻ አይደለም፣ መያዝም። ሕጉ ላይ ያለው ቅጣት እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ይደርሳል። ከሌላ አገር ኤርፖርት በፌስታል የተገዛ ዕቃ ይዘህ ብትመጣ እንኳ ፌስታሉን እዚያው ትተህ ውጣ ነው የምትባለው።

አስቴር፦ ለቆሎ አራት ዓመት?

ሌዳሞ፦ ሻንጣ ውስጥ ማን ያየዋል። ዝም ብላችሁ ቋጥሩ።

ብርቱካን፦ ስካነር የሚባል ነገር አለ። 4 ሚሊዮን ሽልንግ ከየትኛው ሒሳብ እንደማወጣ ንገረኝና ቋጥር።

አስቴር፦ ድርቆሹን በማዳበሪያ ላድርገው?

ደስታ፦ ማዳበሪያም ፕላስቲክ ነው።

ሌዳሞ፦ ማዳበሪያ ፌስታል አይደለም! ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው።

ማቲዎስ፦ ወንድሞች፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ኤርፖርትና ስለ ማደሪያ ነው።

ሀብታሙ፦ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሃይላንድ ይዞ መግባትም አይቻልም። ከተማው ጥግ ያለው የናይሮቢ ፓርክ ዕቅዳችን ውስጥ ካለ የብረት ኮዳ ያዙ።

ሌዳሞ፦ አሁን ደግሞ ኮዳ! ነገ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ ይሉናል።

አስቴር፦ እኔ በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ስንቅ አላዘጋጅም። የሚበላ ሰው ኢስትሊ ይብላ።

ደስታ፦ አትቆጪ አስቱ። ባለቤቴ የጨርቅ ቦርሳ ትሰፋለች። ባለ ዚፕ፣ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት። 11 ቦርሳ፣ አንዱ 350 ብር። ስንቁም ይገባል፣ ስንመለስም ይጠቅማል።

ሌዳሞ፦ ይኸው! ይሄን ስጠብቅ ነበር። የኮሚቴ አባል ለሚስቱ ሥራ ሲሰጥ። መተዳደሪያ ደንቡ ምን ይላል?

ደስታ፦ ምን ማለትህ ነው? ሌባ እያልከኝ ነው?

ሌዳሞ፦ ሌባ አላልኩም። 350 ብር አልኩ።

ደስታ፦ የሸራ ዋጋ ታውቃለህ? ፒያሳ ወርደህ ጠይቅ። ላንጋኖ ስንሄድ ነዳጅ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እስካሁን አልተመለሰልኝም፣ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም።

ሌዳሞ፦ ሸራ ለምን አስፈለገ? አቡጀዴ አይበቃም?

አስቴር፦ አቡጀዴ ዘይት ያሳልፋል። ዳቦ ቆሎ ዘይት አለው።

ብርቱካን፦ ከ3,000 ብር በላይ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። 11 ሲባዛ 350፣ 3,850 ነው። ደንብ ደንብ ነው።

ደስታ፦ ስምንት ሰው ይሂድና 2,800 ይሁን።

ሌዳሞ፦ እኔ ከመጀመሪያው 8 ብያለሁ።

(ደስታ ከውይይቱ ወጣ)

ማቲዎስ፦ በቦርሳ ምክንያት ሰው አሳጣችሁን። ካሳ፣ የትኬቱ ዋጋ የታለ? ሦስት ቀን ሆነ።

ብርቱካን፦ ካሳ?

ጋሽ ታደሰ፦ ደስታን ደውዬለታለሁ፣ ይመለሳል። እናንተ ግን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ባለፈው ቅዳሜ አራት እንግዳ ይዤ አሞራ ገደል ፊት ለፊት ሞተሬ ቀጥ አለ። አንስቼ ሳየው ፕሮፔለሩ ላይ ፌስታል ተጠምጥሟል። ጎትቼ፣ በቢላ ቆርጬ፣ እንግዶቹ ቪዲዮ እየቀረጹኝ። አፈርኩ። ኬንያዎቹ ያወቁት ነገር አላቸው።

አስቴር፦ እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት የዓሣ ገበያው ዳር ያለውን ማየት ነው።

ሀብታሙ፦ እኛም አገር አምስት ዓመት አይቆይም ብዬ ነበር፣ በእኛ 2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ጸደቀ። ፌስታል እኛም ጋ ሊቀር ነው።

ሌዳሞ፦ እንደሱ ከሆነ ቦርሳው ለእኛ ብቻ ለምን? ጀልባ ተራው ላይ ለእንግዳ እንሽጠው። እንግዳ ቆሎውን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ቦርሳ ይገዛል፣ ስማችን አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

ብርቱካን፦ ከደቂቃ በፊት አቡጀዴ ስትል የነበርከው?

ሌዳሞ፦ ሐሳብ አይቀየርም?

(ደስታ ተመለሰ)

ደስታ፦ 200 ከሆነ 240 ብር ትሰፋለች። ፕሮፎርማም ይምጣ፣ አልፈራም።

ሌዳሞ፦ 220።

ደስታ፦ 230። ዚፑ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

ጋሽ ታደሰ፦ ላዩ ላይ ጉማሬ ይሳል።

ማቲዎስ፦ 200 ሲባዛ 230 ማለት 46,000 ብር ነው። ከየት?

ብርቱካን፦ ከጉዞው። ሌላ የተመደበ የለም። የሚሄደው ሰው ከ11 ወደ 7 ይወርዳል።

ሀብታሙ፦ ወደ 7 ከወረደ ማን እንደሚቀር ከመነጋገራችን በፊት፣ ፓስፖርት ያለው ማን ነው? እጅ አውጡ። የቢጫ ወባ ክትባትም ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ካርዱ አንዴ ከወጣ ዕድሜ ልክ ነው።

አስቴር፦ ፓስፖርት አለኝ። ዐረብ አገር የነበርኩ ጊዜ ያወጣሁት፣ ጊዜው አልፏል።

ጋሽ ታደሰ፦ የለኝም።

ሌዳሞ፦ የቀበሌ መታወቂያ አይበቃም? ጎረቤት አገር አይደል?

ብርቱካን፦ ቪዛ አይጠይቁም ማለት ፓስፖርት አይጠይቁም ማለት አይደለም ሌዳሞ።

ሀብታሙ፦ ሌላም አለ። ሰኔ 30 በእነሱ ጁላይ 7 ነው፣ ሳባ ሳባ ይሉታል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሰልፍ ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት መሀል ከተማ ሱቅ ሊዘጋ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይሁን። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው። በስዋሂሊ ሲነግሩህ ደግሞ ልክ እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ትኬቱ ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ነው፣ ስድስት ሰዓት አሳስታችሁ እንዳትመጡ።

ጋሽ ታደሰ፦ እንደኛ ከቆጠሩማ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

ማቲዎስ፦ ሁለተኛ ረቂቅ። ማኅበሩ 200 የሸራ ቦርሳ አሰፍቶ ጀልባ ተራው ላይ ይሸጣል። ፕሮፎርማ ብርቱካን ትሰበስባለች፣ ደስታ በውሳኔው ድምፅ አይሰጥም። ጉዞውን በተመለከተ፣ ፓስፖርት ያላቸው ሀብታሙና እኔ ብቻ ስለሆንን ለጊዜው ሁለት ሰው። ከሐዋሳ በአንድ ትኬት፣ ጆሞ ኬንያታ፣ ዋይ ኤም ሲ ኤ። ናይቫሻ አንድ ቀን።

ሌዳሞ፦ ጸሐፊው ራሱን ላከ። እንዲህ ነው ነገሩ።

ማቲዎስ፦ ፓስፖርት አውጣና አንተ ሂድ!

ሌዳሞ፦ አወጣለሁ። ጉዞው መስከረም ይሁን እስካወጣ።

አስቴር፦ መስከረም ሥራ ነው። እንግዳ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

ብርቱካን፦ ቦርሳውም ለመስከረም ይድረስ ከተባለ ቀብዱ በዚህ ሳምንት መከፈል አለበት። የጉዞው ቀን ይቆይ። ቦርሳው ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ።

ጋሽ ታደሰ፦ ይግባ። እህቴን ግን እንግዳ ይመጣል ብያታለሁ፣ ፍራሽ ገዝታለች።

ካሳ፦ ሰላም ናችሁ። ወንዶ ገነት ነበርኩ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ትኬቱን ለስንት ሰው ነው የምጠይቀው?

ብርቱካን፦ አንተ መጀመሪያ የሚያዝያን መዋጮ ክፈል።

ደስታ፦ ባለቤቴ እየጠየቀች ነው፣ ጉማሬው አፉን ይክፈት ወይስ ይዝጋ?

ሌዳሞ፦ ይዝጋ። የተከፈተ አፍ ቀለም ይጨርሳል።