«ቶታል ሪኮል» ለሰፈሩ ወጣቶች ይታይ ወይስ ይቅር? ክርክር ከደሴ

ሆጤ፦ ጀማው እንዴት አመሻችሁ? የሰፈራችን ወጣቶች ቅዳሜ ማታ በፕሮጀክተር ፊልም ሊያሳዩ ነው። የመረጡት «ቶታል ሪኮል»ን ነው፤ አርኖልድ ሽዋዚንገር የሠራበትን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣውን። አንዳንድ ወላጆች «ደም የበዛበት ነው፣ ይቅር» ብለዋል። ላላያችሁት፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 2084 እ.ኤ.አ. ነው። ዳግላስ ኩዌድ የሚባል የግንባታ ሠራተኛ ማርስን በህልሙ እያየ እረፍት ያጣል። ያልሄዱበትን ጉዞ እንደ ትዝታ ጭንቅላት ውስጥ የሚከት ድርጅት አለና ወደዚያ ይሄዳል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነገር ይበላሻል። ከዚያ ወዲያ የምናየው እውነት ይሁን የተገዛ ህልም አይለይም። ምን ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ኩዌድ ኤስካሌተር ላይ ሲያመልጥ ተኩስ ይከፈትበታል። አንድ መንገደኛ መሃል ገብቶ ይመታል። ኩዌድ የሰውየውን ሬሳ ይዞ ጋሻ ያደርገዋል። ጥይቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ይወረውረዋል፤ አሳዳጆቹም ረግጠውት ያልፋሉ። ሰውየው ማን ነበር? ቤት የሚጠብቀው ነበረው? ፊልሙ አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ 8 እና 9 ዓመት የነበሩት ልጆች ናቸው ዛሬ ቅዳሜ ማታ ፊልም የሚያዩት። ተኩስን ከፊልም አይደለም የሚያውቁት። በር ድንገት ሲዘጋ የሚደነግጥ ተማሪ አለኝ። ለሱ ይሄን መዝናኛ ብዬ አላቀርብለትም።

የሸዋበሩ፦ ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ በቪዲዮ ቤት ያደግን ልጆች ነን። አርኖልድን ሳያይ ያደገ የእኔ እድሜ ልጅ አላውቅም። አክተሩ አይሞትም፣ ክፉው ይቀጣል፣ ወጥተን ኳስ እንጫወታለን። ማናችንም ነፍሰ ገዳይ አልሆንንም።

ጦሳ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ለእሷ መልስ አይሆንም። ያንተ ልጅነትና የአሁኖቹ ልጅነት አንድ አይደለም። እኔም ይታይ ባይ ነኝ፣ ግን ምክንያቴ ሌላ ነው።

ይሄ ፊልም ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከርበት በጥይቱ ብዛት አይደለም። ጥይት የሞላባቸው የዚያ ዘመን ፊልሞች ስንት አሉ፤ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። መጀመሪያ ላይ የትዝታ ድርጅቱ ሻጭ ለኩዌድ የሚነግረውን ልብ በሉ። ቆንጆዋን ታገኛለህ፣ ክፉዎቹን ትገድላለህ፣ ፕላኔቷን በሙሉ ታድናለህ ይለዋል። ባለሙያው ደግሞ ትዝታውን ሲያዘጋጅ ማርስ ላይ ሰማያዊ ሰማይ አለበት ይላል። መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል? ሴትዮዋን ያገኛል፣ ክፉዎቹ ይሞታሉ፣ ማርስ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል። የተባለው አንድም አልቀረ። ስለዚህ ህልም ነው ትላላችሁ። ግን መሃል ላይ አንድ ዶክተር መጥቶ «ይሄ ሁሉ ህልም ነው፣ ይቺን ክኒን ዋጥና ንቃ» ሲለው የዶክተሩ ፊት ላይ የላብ ጠብታ ይወርዳል። ህልም ከሆነ ምን ያስፈራዋል? ኩዌድ ላቡን አይቶ ይተኩሳል። ስለዚህ እውነት ነው ትላላችሁ። ፊልሙ ሁለቱንም በእኩል ይዞ ይሄድና ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ያልቃል።

አሁን ወደ ኤስካሌተሩ ልመለስ። ህልም ከሆነ ያ ግድያ ሁሉ ሰውየው ከፍሎ ያዘዘው ደስታ ነው። እኛም ተመልካቾቹ ትኬት ቆርጠን ያዘዝነው ነው። እኔን የረበሸኝ ይሄ ነው። ወጣቱም እንዲረበሽበት እፈልጋለሁ።

ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን ሆላንዳዊ ነው። የተወለደው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ልጅነቱን በጀርመን በተያዘችው በሄግ ከተማ፣ ቦምብ እየወረደ አሳልፏል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ገና 7 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሬሳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ ስለ ዳይሬክተሩ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ግን እሱ ፊልሙን የሠራው ከ50 ዓመቱ በኋላ ነው። ያየውን ለማብላላት እድሜ አግኝቷል። የእኔ ተማሪ 4 እና 5 ዓመት ነው ያገኘው። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተሰጠው የእድሜ ደረጃ ኤክስ፣ ማለትም ለአዋቂ ብቻ የሚለው ነበር። ላላ ያለው አር የሚባለው ደረጃ እንዲሆንላቸው ጭካኔው ተቆርጦ ነው የወጣው። ተቆርጦም ይሄ ነው! እነሱ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይግባ ያሉትን፣ እኛ መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል?

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ የምለው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሠርቶ የለም ወይ? ደሙን ቀነሱት፣ ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን አደረጉት። ማን ያስታውሰዋል? ደሙ ሲቀንስ ፊልሙም ሞተ።

ጦሳ፦ ደሙን ብቻ አይደለም ያወጡት። ማርስንም አውጥተዋታል። አየሩን አስታውሱ እንጂ! በድሮው ፊልም የማርስ ሕዝብ የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሰው እጅ ነው። ኮሃገን ይባላል። አመፅ ሲነሳበት የድሆቹን ሰፈር አየር ይዘጋዋል። ሰዎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ይወድቃሉ። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅና ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ልጅ ይሄ ትዕይንት አስረጂ አያሻውም።

የሸዋበሩ፦ እሱ እውነት ነው። እኔ ደግሞ የእጅ ሥራውን ልጨምር። ኩዌድ ሴትዮ መስሎ የሚመጣበት፣ ጭንቅላቷ ለሁለት የሚከፈትበትን አስታወሳችሁ? አሻንጉሊትና ጭንብል ነው፣ በእጅ የተሠራ። የማርስ ከተማም አብዛኛው በትንንሽ ሞዴል ነው። በኮምፒውተር የሠሩት ያንን አፅም የሚታይበትን የፍተሻ ቦታ ነው። ለዚህ ሁሉ ልዩ ኦስካር ተሰጥቶታል። ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ የሚቀርጹና የሚያቀናብሩ ልጆች አሉ። በትንሽ ነገር ምን መሥራት እንደሚቻል ማየት አለባቸው፣ ወላሂ።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ እሺ፣ ለሚሠሩት ልጆች ይሁን። እነሱ 20 ዓመት አልፏቸዋል። የእኔ ጥያቄ ስለ ታናናሾቻቸው ነው።

ሆጤ፦ እታለም፣ እንዲህ ብናደርግስ? ማታ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ይታይ፤ ከ18 ዓመት በታች አይግባ። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ድምፅ ማጉያው ይቀነስ። በጎረቤትም የሚደነግጥ ሰው አለና። ጦሳ ከፊልሙ በፊት ስለ ዳይሬክተሩ 10 ደቂቃ ይናገር።

ጦሳ፦ እስማማለሁ። ግን ከፊልሙ በኋላ ልናገር። ቀድሜ ከተናገርኩ ህልም ነው እውነት ነው የሚለውን እበላባቸዋለሁ።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦ የእድሜውን ነገር በር ላይ የሚጠይቅ ሰው ከተመደበ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ካልተመደበ ግን አሁንም አልስማማም፣ ለወላጆቹም ይሄንኑ እነግራለሁ።

የሸዋበሩ፦ ቲቸር አብሽሪ፣ በሩን እኔ እይዘዋለሁ። የእኔ ታናሽ 15 ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያ የምመልሰው እሱን ነው።