አዲስ ካያክ ላይ የማጥመጃ ዕቃ ልገጥም ነው፤ ከመብሳቴ በፊት ምከሩኝ

አዲስ ቀዛፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስመኘው የኖርኩትን የዓሣ ማጥመጃ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) በመጨረሻ ገዛሁ። ከላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ነው፤ ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ አካሉ ፖሊኤትሊን ፕላስቲክ። ሁለት የማጥመጃ ዘንግ መያዣ አለኝ። አንዱ ከላይ የሚታሰርና እንደፈለጉ የሚዞር ነው፤ ሌላው ፕላስቲኩ ተበስቶ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ። ባለ 5 ኢንች ስክሪን የዓሣ መፈለጊያ ከነትራንስዱሰሩ (ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ ሲመለስ የሚቀበለው ክፍል)፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ እና 1.5 ኪሎ ተጣጣፊ መልህቅም አሉ።

ትናንት ማታ መሰርሰሪያውን ሰክቼ ካያኩ አጠገብ ተንበረከክሁ። እጄ እሺ አላለኝም። ገና አንድ ጭረት እንኳ የሌለው ነገር ነው፤ አንዴ ከተበሳ ደግሞ መመለሻ የለውም። የቱን የት ልግጠም? በብሎን ነው በሪቬት (ከአንድ ወገን ብቻ ተስቦ የሚያዝ ሚስማር)? ውሃ እንዳያስገባስ ምን ላድርግ? ትራንስዱሰሩን ወለሉን ሳይበሱ መግጠም ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

ንጋት፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እጅህ ልክ ነው፤ መሰርሰሪያውን መልሰህ ሳጥኑ ውስጥ ክተት።

መጀመሪያ ካያኩን ባዶውን ሁለት ሦስት ቀን ቅዘፈው። ጉልበትህ የት እንደሚያርፍ፣ መቅዘፊያው የት የት እንደሚያልፍ ሰውነትህ ይለምደዋል። ከዚያ ዕቃዎቹን በወፍራም ፕላስተር ለጊዜው ለጥፋቸውና እንደገና ውጣ። እኔ የመጀመሪያውን መያዣ የገጠምኩት ቤት ቁጭ ብዬ በዓይኔ ለክቼ ነበር። ሲያዩት ያምር ነበር። ውሃ ላይ ስወጣ ግን በግራ በቀዘፍኩ ቁጥር የአውራ ጣቴ አንጓ ከመያዣው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆዳው ተላጠ። 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ባዛውረው ችግሩ ጠፋ። የድሮዎቹ አራት ቀዳዳዎች ግን እስከ ዛሬ በጎማ ተደፍነው አሉ።

ሳር ላይም መሞከር ትችላለህ። የሕይወት አድን ጃኬትህን ልበስ፣ ወንበሩን አስተካክል፣ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍን። ሳትንጠራራ እጅህን ዘርጋ። እጅህ በራሱ የደረሰበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ቶሎ ቶሎ የምትነካው ነገር ከዚያ ክልል እንዳይወጣ።

የሚሰምጠውን መያዣ ከወንበሩ ጀርባ ብታደርገው ጥሩ ነው፤ አፉ ወደ ኋላና ትንሽ ወደ ውጪ ያዘንብል። ክሩን ከኋላህ እየጎተትክ ስትቀዝፍ ዘንጉ ከመቅዘፊያው ይርቅልሃል። የሚዞረው ደግሞ ከፊት፣ ስትይዘው ክንድህ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋበት ቦታ ላይ ይሁን።

ብረት ሠሪው፦

በብረት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ካያክም ለራሴና ለወዳጆቼ ስገጥም ኖሬአለሁ። ልጄ፣ የብሎኑንና የሪቬቱን ነገር እኔ ልንገርህ።

እጅህ ከውስጥ በኩል የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ብሎን ነው። ስቴንለስ ብሎን፣ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላ ወይም ቁራጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከዚያ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ። ናይለኑ ዳዶው በንዝረት እንዳይላላ ይይዘዋል። የካያክ ፕላስቲክ ለስላሳ ነው። ጉልበቱ በአንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ካረፈ ብሎኑ ፕላስቲኩን ቀዶ ይወጣል። ሰፊ ቦታ ላይ ከተከፋፈለ ግን ትልቅ ዓሣም ቢጎትተው አይነቃነቅም።

እጅ በማይደርስበት ቦታ ሪቬት ትጠቀማለህ። ተራውን የቆርቆሮ ሪቬት እንዳትነካው። ሲሳብ ጀርባው እንደ ዶሮ እግር በሦስት የሚከፈት አለ፤ ለፕላስቲክ የሚሆነው እሱ ነው። የጎማ ዳዶ የሚሉትም አለ። ውስጡ የናስ ጥርስ ያለው የጎማ ቱቦ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ፈትቶ መመለስ ስለሚቻል ለቀላል ዕቃ እወደዋለሁ። የዘንግ መያዣ ግን በሱ ብቻ አላስርም። ጨዋማ ውሃ ላይ የምትወጣ ከሆነ አሉሚኒየም ከስቴንለስ ጋር ሲነካካ ቶሎ ይበላል። ከውሃ በተመለስክ ቁጥር በንጹህ ውሃ እጠበው።

አበሳሱ ላይ አትቸኩል። መጀመሪያ መክፈቻውን፣ ማለትም የካያኩን ክዳን፣ ከፍተህ በባትሪ መብራት ውስጡን እይ። ከሥር የውሃ መውረጃ ቱቦ ወይም የመሪ ገመድ ሊኖር ይችላል። ለሚሰምጠው መያዣ ደግሞ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለካ፤ ታችኛው ወለል ጋ ደርሶ የሚገፋው ከሆነ ቦታው አይሆንም። ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፤ ፑንታው አይንሸራተትም፣ ምልክቱም ጎልቶ ይታያል። ፑንታው ላይም ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትተህ ፕላስተር ጠቅልልበት። ፕላስተሩ ጋ ስትደርስ ታቆማለህ። ይህን ሳያደርግ የታችኛውን ወለል የበሳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

በ3 ሚሊ ሜትር ጀምረህ ቀስ በቀስ አስፋው። መሰርሰሪያው በዝግታ ይዙር፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ይጋገራል። አራቱንም ቀዳዳ በአንዴ አትብሳ። አንዱን ብሳ፣ ዕቃውን በአንድ ብሎን እሰረው፣ ሌሎቹን በራሱ በዕቃው ቀዳዳ በኩል ምልክት አድርግ። እንዲህ ከሆነ ብሎኖቹ ሳይንሻፈፉ ይገጥማሉ።

ስለ ሲሊኮን የሚወራውን ሁሉ አትመን። ፖሊኤትሊን ላይ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም። ውሃውን የሚከለክለው በዕቃውና በፕላስቲኩ መካከል የሚታመቀው ጎማ ነው። ማሸጊያ ብትቀባም የሚሠራልህ ታምቆ ጎማ ስለሚሆን ነው። አጠባበቁ በልክ ይሁን፤ ጎማው ዙሪያውን ትንሽ ሲያብጥ አቁም።

ሽቦ፦

የትራንስዱሰሩ ነገር እውነት ነው። ድምፁ በፖሊኤትሊን ውስጥ ያልፋል። ጠላቱ አየር ነው። በትራንስዱሰሩና በወለሉ መካከል የአየር አረፋ ከቀረ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል ወይም ይዘባርቃል።

ስለዚህ ሳታጣብቅ ሞክረው። ካያኩ ውስጥ ወለሉ ጠፍጣፋና አንድ ንብርብር ብቻ የሆነበት ቦታ ፈልግ። በርከት አድርገህ ቫዝሊን ቀባበት። ትራንስዱሰሩን ግራና ቀኝ እያሻሸህ ተጫነው፤ አረፋዎቹ በጎን ጭልጭል እያሉ ሲወጡ ታያለህ። ከዚያ ውሃ ላይ ውጣ። የውሃውን ሥር ጥርት አድርጎ ካሳየህ ቦታህ ያ ነው። ቫዝሊኑን በሳሙና አጥበህ በባሕር ማሸጊያ ትተካዋለህ። ጋሼ ብረት ሠሪው እንዳሉት ማጣበቂያ ብቻውን ስለማይታመን እኔ ዙሪያውን ከጠንካራ ስፖንጅ በቆረጥኩት ክፈፍ እደግፈዋለሁ። የካያኩ አፍንጫ (የፊት ጫፉ) አካባቢ ግን አታድርገው፤ ማዕበል ሲኖር ፊቱ እየተነሳ ሥሩ አየር ይገባል።

ሁለት ነገር ታጣለህ። የሙቀት መለኪያው የሚያነበው የውሃውን ሳይሆን የወለሉን ይሆናል። መሣሪያህ ጎንና ጎኑን የሚቃኝ ወይም እንደ ፎቶ የጠራ ምስል የሚያወጣ ከሆነም በፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ በደንብ አይሠራም። ያኔ በጎን በኩል ትራንስዱሰሩን ወደ ውሃው የሚያወርድ ክንድ ያለው መግጠሚያ ያስፈልግሃል።

ባትሪው ይበቃሃል ወይ የሚለውን እንዲህ አስላው። መሣሪያህ 0.6 አምፔር የሚስብ ቢሆን በ8 ሰዓት 4.8 አምፔር ሰዓት ይፈጃል። ባትሪህ ሊድ አሲድ ከሆነ ከግማሽ በታች ባታወርደው ይሻላል፤ እድሜው ያጥራል። ያ ማለት 6 ሰዓት አይሞላም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ይዞህ ይውላል፤ ክብደቱም ከሊድ አሲዱ ግማሽ በታች ነው። ፊዩዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ አድርገው። ልኩን የመሣሪያው መመሪያ ይነግርሃል። ባትሪውን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አድርገህ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እሰረው፤ ስትገለበጥ የሚንከባለል ባትሪ አትፈልግም።

ጥልቅ ውሃ፦

ስለ መልህቁ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልናገር። እባክህ በካያኩ ጎን በኩል እንዳታስረው።

እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ወራጅ ውሃ ላይ ነበርኩ። ለእጄ ስለቀረበልኝ ገመዱን ከወንበሬ ጎን ካለው እጀታ ጋር ቋጠርኩት። መልህቁ ሥሩን እንደያዘ ካያኩ ዞሮ ጎኑን ለውሃው ሰጠ። ጠርዙ ዘቅ አለ፤ ውሃው እግሬ ላይ ተንሸራቶ ገባ። ቋጠሮው ከመወጠሩ የተነሳ እንደ ድንጋይ ሆኖ አልፈታ አለኝ። ጃኬቴ ላይ የሰካሁት ቢላዋ ባይኖር ኖሮ ተገልብጬ ነበር። ገመዱን ቆረጥኩት፤ መልህቁ እዚያው ቀረ።

መልህቅ የሚያዘው ከአፍንጫ ወይም ከጭራ ብቻ ነው። ተቀምጠህ እዚያ መድረስ ስለማትችል የመልህቅ ማመላለሻ ግጠም። ከፊትና ከኋላ ጫፍ አንድ አንድ ትንሽ ፑሊ፣ በሁለቱ መካከል እየዞረ የሚመለስ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ገመዱ ላይ አንድ ቀለበት። የመልህቁን ገመድ በቀለበቱ ውስጥ ታሳልፍና ቀለበቱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ትጎትተዋለህ። የገመዱን መጨረሻ እጅህ አጠገብ ባለ፣ በአንድ ጎተታ በሚለቅ ማሰሪያ ያዘው። ጫፉ ላይም ተንሳፋፊ እሰር። አደጋ ከመጣ ሁሉንም ለቀህ ትሄዳለህ፤ ኋላ ተመልሰህ ታነሳዋለህ።

የገመዱ ርዝመት ከውሃው ጥልቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ነፋስ ካለ ከዚያም ይበልጥ። ውሃው በኃይል የሚወርድ ከሆነ ጭራሽ መልህቅ አትጣል።

ጤዛ፦

ሁላችሁም የት እንደሚገጠም ነገራችሁት። እኔ የት መገጠም እንደሌለበት ልናገር።

ስትገለበጥ በየት በኩል ትመለሳለህ? ከላይ በሚቀመጡበት ካያክ ላይ የሚወጣው ከጎን ነው። በሆድህ ተንሸራተህ መሃሉ ላይ ትተኛለህ፣ ከዚያ ትዞራለህ። እዚያ ጎን ላይ የዘንግ መያዣ ቆሞ ካገኘህ የጃኬትህን ማሰሪያ ይይዘዋል ወይም ደረትህን ይወጋሃል። እኔ በልምምድ ላይ ሳለሁ ማሰሪያዬ ተይዞ ግማሽ አካሌ ውሃ ውስጥ ግማሹ ካያኩ ላይ ሆኜ ቀርቻለሁ። ውሃው ሞቃትና ጥልቀቱ እስከ ወገብ ስለነበር ብቻ ቀላል ሆነልኝ።

አንዱን ጎን ምረጥ፤ ከወንበሩ እስከ ጉልበትህ ድረስ ምንም አይገጠምበት። ሁሉንም ዕቃ ከገጠምክ በኋላ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ ሆን ብለህ ተገልበጥና ተመለስ። ጃኬቱን ሁልጊዜ ልበሰው፤ ወንበር ጀርባ የታሰረ ጃኬት ማንንም አያድንም።

ማለዳ ጨለማ ሳይገፍ የምትወጣ ከሆነ ነጭ መብራት አትርሳ። በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ቢያንስ ግጭት ለመከላከል በጊዜ የሚያሳየው ነጭ መብራት በእጁ እንዲኖር ይጠይቃል። የሞተር ጀልባ ነጂ አንተን ለማየት ይቸገራል፤ ውሃው ላይ ከፍታህ ትንሽ ነው።

አዲስ ቀዛፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ጤዛ፣ መልሶ ስለ መውጣት ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። የግራውን ጎን ባዶ ለመተው ወሰንኩ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከመያዣው ይልቅ ዕቃ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ገጥሜ መያዣውን እሱ ላይ ባደርግስ?

ብረት ሠሪው፦

ጥሩ አስበሃል። ሐዲዱ በብዙ ብሎን ስለሚያዝ ጉልበቱ ይከፋፈላል፤ መያዣውንም ሳትበሳ ታዛውረዋለህ። ሐዲዱ ግን ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል። በጎበጠ ቦታ ላይ አስገድደህ ካሰርከው ፕላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፤ ውሎ አድሮ በብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ንጋት፦

እኔ ግን ለዋናው ዘንግ ቋሚ መያዣ እመርጣለሁ። ሐዲድ ላይ ያለው ማጥበቂያ ከላላ መያዣው በዓሣው ጉተታ ይንሸራተታል። ሐዲድ የምትገጥም ከሆነ ከመውጣትህ በፊት ማጥበቂያውን በእጅህ ፈትሸው፤ ዘንጉንም በአጭር ገመድ እሰረው።

አዲስ ቀዛፊ፦

ሦስት ሳምንት ሆነ። አራት ቀን ባዶውን ቀዘፍኩ፤ በፕላስተር የለጠፍኩትንም መያዣ ሁለት ጊዜ አዛወርኩት። ሐዲዱን በቀኝ በኩል ገጠምኩ። ትራንስዱሰሩ በቫዝሊን ሙከራ ወንበሩ ሥር ጥርት አድርጎ አነበበ። ተገልብጬም ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካልኝ።

ግን ዳር ላይ ግማሽ ሰዓት አንሳፍፌ መክፈቻውን ስከፍት ከሐዲዱ ሥር አንድ ሲኒ የሚያህል ውሃ አገኘሁ። ብሎኖቹን ሁሉ ላጥብቃቸው?

ብረት ሠሪው፦

አታጥብቅ። ካያኩን ከውሃ አውጣና ውስጡን አድርቅ። በየብሎኑ ዙሪያ ከውስጥ ሶፍት ጠቅልል። ከላይ በሐዲዱ ላይ ውሃ አፍስስ። የራሰው ሶፍት የቱ ጋ እንደሆነ ይነግርሃል። እሱን ብቻ ፍታው፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣትህ ዳብስ።

አዲስ ቀዛፊ፦

ሦስተኛው ብሎን ነበር። ስፈታው እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ጎማው ሥር ተኝቶ አገኘሁ። በምላጭ አንስቼ መልሼ አሰርኩት። ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ አንሳፈፍኩት። ከውስጥ ያለው ሶፍት እንደ ደረቀ ነው።