የባቡር ጉዟችን የጋራ ዕቅድ፦ በየትኛው አቅጣጫ እንሂድ?

የጉዞ አስተባባሪው
ውድ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ዜፈር በተባለው ባቡር እንድንጓዝ ተስማምተናል። መስመሩ ቺካጎን በሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ከምትገኘው ኤመሪቪል ጋር የሚያገናኝ ሲሆን 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለት ሌሊት በባቡር ላይ ይታደራል። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቄ እንዲህ ይላል፦ «በሴፕቴምበር የመጨረሻ ሳምንት ከኤመሪቪል ተነሥተን ወደ ቺካጎ እንጓዛለን።» ወቅቱን የመረጥኩት የሮኪ ተራሮች ዛፎች ወርቅ የሚለብሱበት ስለሆነ ነው። የማይስማማችሁን ሳትቆጥቡ ጻፉ።

ከሐዲድ ሥራ በጡረታ የተገለሉት አባል
ወቅቱን ወድጄዋለሁ። አቅጣጫውን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ይህ ባቡር ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የሚሄድበት ሐዲድ የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ንብረት ነው። ነጠላ ሐዲድ ባለበት ቦታ ሁለት ባቡሮች ሲገናኙ አንዱ ወደ ጎን መስመር ገብቶ ማሳለፍ አለበት፤ የዛሬዎቹ የጭነት ባቡሮች ደግሞ ብዙዎቹ ከጎን መስመሩ ስለሚረዝሙ ቆሞ የሚጠብቀው መንገደኛው ነው። ስለዚህ ዕቅዳችን መዘግየትን ከመጀመሪያው አስቦ መውጣት አለበት።

ከኤመሪቪል ከተነሣን የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በመጀመሪያው ቀን በብርሃን እናያለን። ሮኪ ላይ የምንደርሰው ግን በማግስቱ ነው፤ ከፍተኛውን ክፍል የምናልፈው ወደ ማታ ገደማ ሲሆን ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ያለችው ዴንቨር ከተማ የምንገባው ሲመሽ ነው። አራት ሰዓት ብንዘገይ የመጣንለትን ተራራ በጨለማ እናልፈዋለን። ከቺካጎ ብንነሣ ግን ከቀትር በኋላ ወጥተን የሚሲሲፒን ወንዝ በመጀመሪያው ቀን ማምሻ እንሻገራለን፤ የነብራስካን ሜዳ በሌሊት እናልፈዋለን፤ ዴንቨር ሲነጋ እንደርሳለን። ሮኪን ለማየት ሙሉ ቀን አለን። በሁለተኛው ሌሊት በረሃውን አልፈን ሴራ ኔቫዳን ደግሞ በማለዳ እናገኘዋለን። በዚህ አቅጣጫ ሁለቱም ተራሮች የሚመጡት በቀኑ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ብንዘገይም ብርሃን ይተርፈናል።

ከዴንቨር እንደወጣን ባቡሩ ሽቅብ የሚጠመዘዝበት ትልቅ ኩርባ አለ። እዚያ ነፋሱ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ፣ የሚያልፉትን ባቡሮች እንዲከልሉ አሸዋ የተሞሉ አሮጌ ፉርጎዎች ከሐዲዱ ጎን ተደርድረው ቀርተዋል። ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ አደራ!

ገንዘብ ያዧ
ጋሼ አሳምነውኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የአባላት መለያየት ነው። በመኝታ ክፍል የሚጓዝ ሰው ምግቡ ከትኬቱ ጋር ይካተትለታል፤ በወንበር የሚጓዘው ደግሞ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ያድራል። ሁሉም ክፍል የመግዛት አቅም የለውም፤ ማንም ደግሞ ከዳር መቅረት የለበትም። ደግነቱ የመመልከቻው ፉርጎ ለሁሉም ተሳፋሪ ክፍት ነው፤ መስኮቶቹ እስከ ጣሪያው ይደርሳሉ። መቀመጫው ግን በስም ስለማይያዝ በየተራ እንቀመጥ፤ ተራውንም ዕቅዱ ላይ እንጻፈው። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ትኬት ስለሚወደድ መዋጮው ቀድሞ ይሰብሰብ።

አንዲት አንጋፋ አባል
ባቡሩ ሮኪን በሚያቋርጥበት ሞፋት ዋሻ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደርሳለን። እኔም ሆንኩ እኩዮቼ ልብና ሳንባችንን ሐኪም አይቶት ብንሄድ ይሻላል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከበደን የምንል ደግሞ ሮኪ ውስጥ ባለችው ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ከተማ ወርደን ብናድርስ?

የጉዞ አስተባባሪው
እትዬ፣ ሐሳብዎ መልካም ነው። በየአቅጣጫው በቀን አንድ ባቡር ብቻ ስለሚያልፍ የሚወርድ ሰው የሚሳፈረው በማግስቱ ነው፤ ትኬቱም በሁለት ተከፍሎ ከመጀመሪያው መገዛት አለበት። የምትወርዱ አባላት ስማችሁን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

የታሪክ መምህር የሆነ አባል
አንድ ነገር ይጨመርልኝ። በሴራ ኔቫዳ የምናልፍበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1869 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው አህጉር አቋራጭ የባቡር መስመር አካል ነው። ጠንካራውን ድንጋይ በመዶሻና በባሩድ እየፈለጡ መንገዱን ያወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም በናዳና በፍንዳታ ሞተዋል። ዶነር ከተባለው የሴራ ኔቫዳ መተላለፊያ ከመድረሳችን በፊት ግማሽ ሰዓት ስለ እነርሱ እንድንነጋገር ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። መስኮቱን እያየን ማን እንደቆፈረው ሳናውቅ ማለፍ አልፈልግም።

ከሐዲድ ሥራ በጡረታ የተገለሉት አባል
እደግፋለሁ፤ በሙሉ ልቤ። ሞፋትን በተመለከተም ላስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው ይህ ዋሻ ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ስናልፍ የሞተር ጭስ እንዳይገባ በፉርጎዎች መካከል ያሉት በሮች አይከፈቱም። የመመልከቻ ተራችሁን ከዋሻው በፊት ወይም በኋላ ቀይሩ።

የጉዞ አስተባባሪው
የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ሳምንት ከቺካጎ ወደ ኤመሪቪል ይጓዛል። አባላት ከመነሻው አንድ ቀን አስቀድመው ቺካጎ ይገባሉ፤ ኤመሪቪል ለሚደርሱበት ዕለት የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጡም። የመመልከቻ ፉርጎ ተራ በመኝታም በወንበርም ለሚጓዙ እኩል ይደለደላል። ዶነር ከመድረሳችን በፊት የመንገዱ ሠራተኞች ይታሰባሉ።» በሸለቆዎቹ ውስጥ የስልክ መስመር ስለሚጠፋ ቤተሰቦቻችሁ እንዳይጨነቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ገንዘብ ያዧ
«እኩል ይደለደላል» ከሚለው ቀጥሎ «ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጣል» የሚል ይጨመርና እኔ ፈርሜያለሁ።